ተራው አንባቢ ስለ ልብ ወለዶቻችን ምን ይላል?

ስለ አማርኛ ልብ ወለድ ውይይት በተነሣ ቁጥር ዘወትር የምናዳምጠው የሦስት ወገኖችን ድምፅ ነው፤ የደራሲውን፣ የአሳታሚውንና የሃያሲውን። ደራሲው ስለ ድካሙ ይናገራል። አሳታሚው ስለ ወረቀት ዋጋና ስለ ገበያ ያማርራል። ሃያሲው ደግሞ ስለ ይዘትና ቅርጽ፣ ስለ ገጸ ባሕርያት አሳሳልና ስለ ትረካ ስልት ይተነትናል። አራተኛው ወገን፣ ይኸውም መጽሐፉን ገዝቶ፣ ተውሶ ወይም ተከራይቶ ከሥራ በተረፈችው ሰዓት የሚያነበው ሰው፣ ሲናገር አይሰማም። ስለ እርሱ ስንጽፍ «ሰፊው አንባቢ» ብለን እናልፋለን። መውደዱን ከታተመው ቅጂ ብዛት፣ መጥላቱን ከመጋዘን ከተረፈው ክምር እንገምታለን። ምን እንዳሰበ፣ የት ላይ እንደተከዘ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ መጽሐፉን እንዳጠፈ ግን ጠይቀነው አናውቅም።

ይህ ጽሑፍ የአንዲት ተራ አንባቢን አስተያየቶች መነሻ በማድረግ ሁለት ጥያቄዎችን ለማንሣት ይሞክራል። አንደኛ፣ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ያልተማረ ሰው ስለ ልብ ወለድ የሚሰጠው አስተያየት ለሂስ ሥራ ምን ይጠቅማል? ሁለተኛ፣ የዚህ አስተያየት ወሰኑ የት ላይ ነው?

ደብተሩና የኪራዩ ሒሳብ

አንባቢዋ የዚህ ጸሐፊ የአባቱ እኅት ናቸው። ይፋት ተወልደው፣ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ጤና ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ያህል በነርስነት አገልግለው በጡረታ ተገለሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊትም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከዕቃቸው መካከል አንድ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር ተገኘ። በውስጡም ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ያነበቧቸውን መጻሕፍት ስም፣ መጽሐፉ የፈጀባቸውን ሌሊት ብዛት፣ የከፈሉትን ኪራይ፣ በመጨረሻም በሁለትና በሦስት ዐረፍተ ነገር የተወሰነ አስተያየታቸውን አስፍረዋል። ሌሊት የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያነብቡ የነበሩት የሌሊት ተረኛ ሲሆኑ፣ በሽተኞቹ ጋብ ሲሉላቸው ነበር።

በዚያን ዘመን በየከተማው መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች እንደነበሩ ዕድሜው የሚፈቅድለት ያስታውሳል። መያዣ ይሰጣል፤ ሒሳቡ በቀን ይታሰባል፤ ገጽ የቀደደ ይቀጣል። ይህ አሠራር ተራ የገበያ ጉዳይ ይምሰል እንጂ ስለ አንባቢው ምርጫ የሚነግረን ብዙ ነገር አለ። ኪራይ በቀን ሲታሰብ ረዥምና ዝግ ብሎ የሚጓዝ ልብ ወለድ ውድ ይሆናል፤ ፈጣኑና አጭሩ ደግሞ ርካሽ። እኛ ጸሐፍት «አንባቢው ለወንጀል ምርመራና ለስለላ ታሪክ ብቻ ያደላል» እያልን ስንወቅስ ይህን ሒሳብ ከቁም ነገር አስገብተን አናውቅም። ከአነስተኛ ደመወዝ ላይ ተቀንሶ የሚከፈል ኪራይ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በእርግጥም በደብተሩ የመጀመሪያ ገጾች ላይ የሚበዙት የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ታሪኮችና የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች ናቸው። ስለ እነዚህ የተጻፈው አስተያየት ግን ጊዜ ለማሳለፍ ብቻ የሚያነብብ ሰው አስተያየት አይደለም። ስለ አንዱ እንዲህ ይላል፤ «አንድ ሌሊት። ገዳዩን መሀል ላይ አወቅሁት። እንዴት እንደሚያዝ ለማየት ጨረስኩት።» ስለ ሌላው ደግሞ፣ «አንድ ሌሊት። መርማሪው ምስክር ሳያነጋግር ደረሰበት። ደራሲው ቸኩሏል።» በመጀመሪያው አስተያየት አንባቢዋ «ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ «እንዴት?» ከሚለው ለይተው አይተዋል። በሁለተኛው ደግሞ ሴራው ከምክንያትና ከውጤት ሰንሰለት ሲወጣ ይዘውታል። ከሕመም ምልክት ተነሥቶ ወደ በሽታው መድረስ የዕለት ሥራቸው ለሆነ ሰው ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ «የሴራ አሳማኝነት» እያልን የምንጠራውን ነገር ከሥራቸው ተምረውታል። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በሂሳችን ውስጥ ስፍራ ተነፍጎት ቢቆይም፣ ብዙ አንባብያንን ማስረጃን መጠየቅ ያስለመደ ዘውግ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የእናት ስለት

ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንለፍ። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስለ እርሱ የተባለው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ያያል። ሁለተኛው በፊታውራሪ መሸሻ በኩል የሚታየውን የባላባት ሥርዓት፣ በአበጀ በለው የሚመራውን የገበሬ አመፅና የጉዱ ካሣን ትችት ያያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአክስቴ ደብተር ግን በሌላ በር ይገባል።

«ስምንት ሌሊት። ውድ ነው፤ ይገባዋል። ሰብለ ወንጌል ስትመነኩስ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት መጀመሪያ ላይ፣ እናቱ ስትሳል ነው። ጉዱ ካሣ ብዙ ያወራል።»

ይህን አስተያየት መጀመሪያ ሳነብብ ፈገግ ብዬ አልፌው ነበር። ቆይቶ ግን መጽሐፉን እንደገና እንዳነብብ አስገደደኝ። በዛብህ የስተርጅና ልጅ ነው። ወላጆቹ እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል፤ ከጋብቻ ርቆ እግዚአብሔርን ሊያገለግል ሳያውቀው ተስሎበታል። እኛ ሃያስያን ይህን ክፍል እንደ መግቢያ ቆጥረን ወደ ዲማ፣ ወደ ፊታውራሪ ግቢ እንጣደፋለን። የታመመ ሕፃን ታቅፈው ሌሊቱን ሲሳሉ የሚያድሩ እናቶችን በየተራው ያየች ነርስ ግን የመከራውን ዘር እዚያው ላይ ታገኘዋለች። ልጅ በማይበረክትበት አገር ስለት ያልተገኘ ሐኪም ምትክ ነበር። የእናቲቱ ፍቅር ልጇን ከሞት የሚያድንበት ሌላ መንገድ ስላጣ ዕድሜ ልኩን በሚያስር ቃል አዳነው።

ከዚህ ላይ ቆመን ስናይ የልብ ወለዱ ቅርጽ ይለወጣል። በሁለቱ ወጣቶች መካከል የቆሙት ግንቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው፤ ይህን የገበሬው አመፅ ሊያናጋው ይችላል፤ ያናጋዋልም። ሁለተኛው ግን በበዛብህ በራሱ ኅሊና ውስጥ የቆመ ነው፤ ያነጸውም የእናት ፍቅር ነውና ጠላት ተብሎ አይዘመትበትም። ደራሲው ከአምስት መቶ ገጽ በላይ በፈጀ ትረካ ውስጥ አሮጌውን ሥርዓት የነቀፉት በክፉዎች በኩል ብቻ አይደለም። በደጎች በኩልም ነቅፈውታል፤ ሥርዓቱ ደጉን ሰው እንኳ በደግነቱ ልጁን እንዲጎዳ አድርጎታል። ይህን አስተያየት ከማንኛውም የሂስ መጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከአንድ የተማሪ ደብተር ነው።

«ጉዱ ካሣ ብዙ ያወራል» የሚለውንስ? እዚህ ላይ ከአክስቴ ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ንግግሮቹ ረዣዥም ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ገጸ ባሕርዩ ወደ ጎን ብሎ ደራሲው ራሳቸው የሚናገሩ ይመስላል። ይሁን እንጂ በእብድነት የተፈረጀ ሰው ብቻውን እውነቱን መናገሩ የመጽሐፉ አንድ ምሰሶ ነው። ዘልሎ የሚያነብብ ሰው ምሰሶውን ዘልሏል። የሚገርመው፣ ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው ከሰሙ በኋላ በዚያው ገጽ ኅዳግ ላይ በሌላ ቀለም እንዲህ ጨምረዋል፤ «ወጋየሁ ሲያነበው ጉዱ ካሣ አጠረልኝ።»

ጮክ ተብሎ የሚነበብ መጽሐፍ

ይህች የኅዳግ ማስታወሻ ወደ ሌላ ጉዳይ ትወስደናለች። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ከባድ መጽሐፍ ተብሎ ስም ወጥቶለታል። የታሪኩ ስፍራ የሰሜን ሸዋ ገጠር ነው፤ አደፍርስም ከዩኒቨርሲቲ ወደዚያ የዘለቀ፣ ያየውን ሁሉ የሚጠይቅና የሚሞግት ወጣት ነው። ደራሲው ተራኪውን ወደ ኋላ ገፍተው ሰዎቹን በራሳቸው አንደበት ያናግሯቸዋል። ምልልሱ ይበዛል፤ የአካባቢው አነጋገርና ድምፀት እንዳለ በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። የአክስቴ የመጀመሪያ አስተያየት ብዙ የተማሩ ሰዎች ከሰጡት አይለይም፤ «ሁለት ሌሊት። መለስኩት። አልገባኝም።»

መጽሐፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በደብተሩ ውስጥ እንደገና ብቅ ይላል። «ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሳቀች። የእኛ አገር ሰዎች ናቸው አለች። አሁን ገባኝ፤ ይህ የሚሰማ እንጂ የሚነበብ አይደለም።» እናታቸው፣ ማለትም የዚህ ጸሐፊ አያት፣ ፊደል አልቆጠሩም።

እንግዲህ ፊደል ያልቆጠሩ የይፋት ባልቴት የሳቁበትን መጽሐፍ እኛ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ «ረቂቅና አስቸጋሪ» ብለን መድበነው ኖረናል። ችግሩ ያለው የት ላይ ነው? በእኔ እምነት በከፊል በአነባበባችን ላይ ነው። «አደፍርስ»ን በዓይን ብቻ ሲያነብቡት የሚናገረው ማን እንደሆነ ይጠፋል፤ አንዱ ድምፅ ከሌላው ይቀላቀላል። በአንደበት ሲያነብቡት ግን እያንዳንዱ ሰው በአነጋገሩ ይለያል። ደራሲው ልብ ወለድን ወደ ተውኔት አስጠግተውታል፤ አንባቢውም ተዋናይ እንዲሆን ይጠይቁታል። ይህን ማለት መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። አካባቢውን የማያውቅ አንባቢ ጮክ ብሎም ቢያነብብ የሚቸገርባቸው ክፍሎች አሉ። ነገር ግን ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ ያሳየችን አንዲት ጡረተኛ ነርስ ናት።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ለዚህ ጸሐፊ ግን ደስ የማይል አንድ መሥመር በደብተሩ ውስጥ አለ። አክስቴ አዲስ አበባ መጥተው የእኔን አንድ ተውኔት አይተው ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ተውኔቱ ግጥማዊ ቋንቋ ብዙ አሞግሰውኛል። ደብተሩ ግን እንዲህ ይላል፤ «ሰዎቹ ሁሉ የሚናገሩት በአንድ አፍ ነው፤ በወንድሜ ልጅ አፍ።» በዕለቱ ምሳ ሲያበሉኝ ይህን አልነገሩኝም። ቢነግሩኝ ኖሮ ምናልባት እከራከራቸው ነበር። አሁን ያን ተውኔት አውጥቼ ሳነበው መከራከሪያ አላገኝም።

አንባቢዋ የተሳሳቱበት

እስካሁን ያልነው ተራውን አንባቢ ለማወደስ ብቻ የተሰለፈ ሊመስል ይችላል። አይደለም። በደብተሩ ውስጥ በግልጽ የተሳሳቱ አስተያየቶች አሉ፤ ስሕተታቸውም ትምህርት ይሰጣል።

በ1962 ዓ.ም. ስለ ታተመው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» የተጻፈውን እንመልከት። «ሦስት ሌሊት። በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ምን አስጨነቀው? ሥዕሉን ማታ ማታ ይሣል።» አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን ወደ ሠዓሊነት ይሸፍታል። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ በያዘው እንዲረጋ ይወተውተዋል። በሌሊት ተራ ሥራ ልጆች ያሳደጉ ሴት በዚህ ጭንቀት ላይ ትዕግሥት ቢያጡ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ደራሲው ያቀረበው አዲስ ጉዳይ ይኸው ነበር። የተራበ፣ የተበደለና የተፈናቀለ ሰው መከራ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ አስቀድሞ ስፍራ ነበረው። ጠግቦ፣ ለብሶ፣ ተምሮ ሕይወቱ ባዶ የሆነበት ከተሜ ግን አዲስ ገጸ ባሕርይ ነበር። አክስቴ የአበራን ጭንቀት በራሳቸው ኑሮ መስፈሪያ ሰፈሩትና ጎደለባቸው። የሃያሲው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአንባቢውን መስፈሪያ ሳይንቅ ሌላ መስፈሪያ መኖሩን ማሳየት ይኖርበታል።

በ1997 ዓ.ም. በታተመው የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» ላይ የሰጡት አስተያየትም ከዚሁ ይመደባል። በዚያን ጊዜ የኪራዩ ሱቅ ተዘግቶ ስለነበር መጽሐፉን ገዝተውታል። «ልጁን ወደድኩት። መንገዱ ግን እየዞረ እዚያው ይመልሰኛል። ተውኩት።» ልጁን መውደዳቸው የደራሲው ትልቅ ድል ነው። መንገዱ መዞሩ ግን የስልቱ አካል እንጂ ጉድለት አይደለም። የመዝገቡ ትዝታ በቀጥታ መሥመር አይጓዝም፤ ቀላል በሚመስል የቤት ዕቃ፣ በሽታና በድምፅ ላይ እየቆመ፣ እየተመለሰ ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት በቀን ሒሳብ ያነበበ ሰው መጽሐፍ ሁሉ ወደፊት እንዲሮጥ ይለምዳል። ይህ ልማድ ኪራዩ ከቀረ በኋላም አይለቅም። ከዚህ ላይ መምህራን የሚሠሩት ሰፊ ሥራ አለ፤ ተማሪው ዝግ ብሎ ማንበብን እንደ ሌላ ሙያ ሁሉ ቀስ በቀስ ሊለማመደው ይገባል።

በታሪካዊ ልብ ወለድ ረገድ ግን ፍርዳቸው አጭርና ቁልጭ ያለ ነው። የአቤ ጉበኛን «አንድ ለእናቱ»ና የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ እንባ» ጎን ለጎን አንብበው፣ «አቤ ጀግናውን ሰጠኝ፤ ብርሃኑ ሰውዬውን» ብለዋል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የዝምታ ገጽ

በደብተሩ ውስጥ ርእሱ ያልተጻፈ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ቀኑ 1976 ዓ.ም. ነው። «ያ መጽሐፍ። ሁለት ሌሊት። ምንም አልጽፍም።»

የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት በአሥመራ ስለሆነው የሚተርከው ይህ ልብ ወለድ በጋዜጣ እየተጠቀለለ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ሲታተም ዓለም እንደ አዲስ ግኝት ተቀበለው። በራሱ አገር ግን ገና ከመነሻው ሂስ በግልጽ ሊጻፍበት ያልቻለ፣ አንባቢ ግን ያልተለየው ሥራ ነበር።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በገዛ ደብተሯ ላይ ርእስ ለመጻፍ የፈራችበት ዘመን እንደነበረ ሃያሲ ሊዘነጋው አይገባም። «አንባቢያችን አስተያየት አይሰጥም» ከማለታችን በፊት አስተያየት መስጠት ምን ያስከፍል እንደነበር እናስታውስ። የአንባቢ ዝምታ ሁልጊዜ ግዴለሽነት አይደለም።

ያልተጠበቀ ጥያቄ

ከትርጉም ሥራዎች መካከል አንዱን ብቻ ላንሣ። የማርጋሬት ሚቼል የ1936 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ በነቢይ መኮንን ተተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለአማርኛ አንባቢ ቀርቧል። ተርጓሚው ሥራውን የሠራው እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። የዚህ ታሪክ ታላቅነት ሁላችንንም ስለመሰጠን ስለ ልብ ወለዱ ይዘት እምብዛም አልተነጋገርንም። ደብተሩ ግን እንዲህ ይላል፤ «አምስት ሌሊት። ስካርሌትን አልወደድኳትም፤ መሬቴን አልለቅም ስትል ግን ገባችኝ። ባሮቹ ጌቶቻቸውን ለምን እንዲህ ይወዳሉ? የጻፈችው የጌቶቹ ልጅ ብትሆን ነው።»

በአሜሪካ በዚህ መጽሐፍ ላይ ለረዥም ጊዜ ሲሰነዘር የኖረው ዋነኛ ነቀፋ ይኸው ነው፤ ባርነትን አለስልሶና አስውቦ ማቅረቡ። አክስቴ ያንን ክርክር አንብበውት አያውቁም። የእኛም አገር ጌታና ሎሌ፣ ባላባትና ጭሰኛ የነበረበት አገር ነውና ጥያቄውን ከራሳቸው ዕውቀት አወጡት። የተርጓሚው ድካም ምንጊዜም ይከበራል። ቢሆንም በአማርኛ ስናነበው ማንሣት የነበረብንን ጥያቄ ከእኛ ከባለሙያዎቹ ቀድመው ያነሡት እርሳቸው ናቸው።

ዴርቶጋዳና የእኔ ስሕተት

በመጨረሻ ይህ ጸሐፊ ራሱ ተከሳሽ ወደሆነበት ጉዳይ እመጣለሁ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ በተደጋጋሚ ሲታተም፣ ወጣቱ በየታክሲውና በየመናፈሻው ይዞት ሲታይ፣ እኔ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ውይይት ላይ ተጋብዤ «ይህን የወደደ አንባቢ ገና ማንበብ አልጀመረም» ብዬ ነበር። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም በሳቁ ረካሁ። የደብተሩ አስተያየት እንዲህ ይላል፤

«ሁለት ሌሊት። ልጆቹ ከእጄ ነጠቁኝ። ሐይቁና ገዳሙ ደስ አሉኝ። ሰዎቹ ይሮጣሉ እንጂ አያስቡም። ግን በውጭ ያሉት አዋቂዎቻችን ቢመለሱ እያልኩ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።»

በዚህ አስተያየት ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እኔ በአዳራሹ ውስጥ የተናገርኩት ነቀፋ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ከሩጫቸው በስተቀር ውስጣቸው አይታይም። ሁለተኛው እኔ ያላየሁት ነው። በጣና ገዳማት፣ በስለላ መረቦችና በስደተኛ ሊቃውንት ዙሪያ የተጠነጠነው ይህ ታሪክ የብዙ ቤተሰቦችን ናፍቆት ነክቷል። ተምሮ የሄደውና ያልተመለሰው ልጅ፣ ወንድም፣ ሐኪምና መሐንዲስ በየቤቱ አለ። አክስቴ በሠሩበት ጤና ጣቢያ የሐኪም እጥረትን በየዕለቱ ያዩት ነበር። መጽሐፉን የወደዱት ባለማወቅ አይደለም፤ ጉድለቱን እያወቁ፣ የነካባቸውን ነገር ስለሚያውቁት ነው።

እኔ ማለት የነበረብኝ ምን ነበር? ናፍቆቱ እውነተኛ መሆኑን ተቀብዬ፣ መፍትሔው ግን የተመቻቸ ነው ማለት እችል ነበር። ሊቃውንቱ በምሥጢር ሴራና በጀግና ሩጫ የሚመለሱበት ታሪክ፣ የሚሄዱበትን ምክንያት ከመመርመር ያሳርፈናል። ይህ ነቀፋ አንባቢውን አያዋርድም፤ ከአንባቢው ጋር ሆኖ መጽሐፉን ይመረምራል። እኔ ግን መጽሐፉን ትቼ አንባቢውን ነቀፍኩ።

ከዚያው አስተያየት በታች፣ በሌላ ቀን የተጻፈ አንድ መሥመር አለ። «የወንድሜ ልጅ ይህን የወደደ ማንበብ አልጀመረም አለ ብለው ነገሩኝ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

እውነት ነው። በክረምት ወራት በዚያች ከተማ፣ ከሌሊት ተራ በመጡበት ጠዋት፣ እንቅልፋቸውን ትተው «ሀ» ብለው ያስጀመሩኝ እርሳቸው ናቸው። ይህን ደብተር ከመክፈቴ በፊት ይቅርታ ለመጠየቅ የሚያበቃ ጊዜ ነበረኝ፤ በደሌን አላወቅሁም ነበርና አልጠየቅሁም። ይህንን ጽሑፍ ለማቅረብ ካነሣሡኝ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ምስክርና ዳኛ

ከላይ ከተዘረዘረው ምን ድምዳሜ ላይ እንደርሳለን? የተራው አንባቢ አስተያየት ፍርድ አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ምስክር ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ሕጉን ላያውቅ ይችላል፤ በራሱ ኑሮ ጥግ ቆሞ ስላየ ከጉዳዩ ከፊሉ ብቻ ይታየዋል። ስለዚህ ምስክር ብቻውን አይፈርድም። «ብዙ ሰው ወደደው፤ እንግዲያው ታላቅ ሥራ ነው» የሚል ክርክር ምስክር ቆጥሮ ከመፍረድ አይለይም፤ የገበያው ሒሳብም ከዚህ የተሻለ ዳኛ አይደለም። በሌላ በኩል ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ፍርዱ ባዶ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ሂስ ለረዥም ጊዜ በዚህ ሁለተኛ ስሕተት ውስጥ ቆይቷል። ሃያሲ ለሃያሲ ይጽፋል፤ ደራሲም ለሃያሲ መልስ ይሰጣል፤ በመካከላቸው መጽሐፉን ያነበበው ሰው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

ይህን ለማረም ብዙ ገንዘብና ትልቅ ድርጅት አያስፈልግም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን «የልብ ወለዱ ጭብጥ ምንድን ነው?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት «የት ላይ ቆምክ? ለምን?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱንም ቢያጽፉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ምስክርነት ይሰበሰባል። በየቀበሌውና በየወረዳው ያሉ ቤተ መጻሕፍት አንባቢ መጽሐፉን ሲመልስ ሁለት መሥመር የሚጽፍበት ደብተር በመስኮቱ ላይ ሊያኖሩ ይችላሉ። በባህል ዘርፍ የተመደቡ ሠራተኞች የንባብ ክበቦችን ሲያቋቁሙ መድረኩን ለተጋባዥ ደራስያን ብቻ ባይሰጡና የልብስ ሰፊውን፣ የነርሷንና የሾፌሩን አስተያየት ቢያስቀድሙ መልካም ነው። «አደፍርስ»ን የመሰሉ መጻሕፍት ደግሞ በክበቦች ውስጥ ጮክ ተብለው ይነበቡ፤ ተዋንያን ከዚህ የተሻለ ልምምድ አያገኙም። የዚህ መጽሔት ዓምዶችም ለእንዲህ ዓይነት አስተያየቶች ጥቂት ገጽ ቢለቁ ዕዳቸውን ይከፍላሉ።

ደራስያንስ? ከአክስቴ ደብተር ለራሴ አንድ ልማድ ወስጃለሁ። አዲስ ተውኔት ስጽፍ ለባልደረቦቼ ከመስጠቴ በፊት ለማንበብ ሙያቸው ላልሆነ ለሁለት ሰዎች አነብብላቸዋለሁ። ሲስቁም ሆነ ሲያዛጉ ገጹን ምልክት አደርግበታለሁ። አንዳንድ ጊዜ እነርሱ ያዛጉበትን ክፍል ትክክል ነው ብዬ እተወዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ግን እሠርዘዋለሁ።

ደብተሩ አላለቀም። የመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ገጾች ባዶ ናቸው። የመጨረሻው አስተያየት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ጀምሬዋለሁ።» የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አልተጻፈም።